ምዕራፍ ስድስት፦ ለአንጋፋ ሞተር የሚስማማ ካንዴላ

አንድ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ 50 ጊዜ ይበርቃል። ብልጭታው የሚዘለው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ክፍተት ውስጥ ነው። በዙሪያው ያለው ጋዝ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ወዲያው ደግሞ ገና ከካርቡሬተር የመጣ ቀዝቃዛ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይገባበታል። ካንዴላ ይህን ፈተና በየሰከንዱ ሃምሳ ጊዜ እየተቀበለ በሺዎች ለሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይዘልቃል። ዋጋው ከሌሎቹ የሞተር ክፍሎች ጋር ሲተያይ ትንሽ በመሆኑ ግን ብዙ ሰው ሳያስብበት ይገዛዋል። ሌላው ደግሞ በጣም ውዱን ይመርጥና መኪናው እንደ አዲስ እንዲሆንለት ይጠብቃል።

ሁለቱም አያዋጡም። ካንዴላ ሞተሩ የሌለውን ጉልበት አይጨምርለትም፤ ያለውን ሳያባክን እንዲሰጥ ያስችለዋል እንጂ። ስለዚህ አንጋፋ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ካንዴላ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ማወቅ አለበት፦ ሞተሩ ሲሠራ ምን ታዝዞለት እንደነበር፣ ብልጭታውን የሚያመነጨው ሥርዓት ምን ያህል አቅም እንዳለው፣ መኪናው ዛሬ የት እና እንዴት እንደሚነዳ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሞተር ላይ ደረጃ በደረጃ እንመልከታቸው።

ምሳሌያችን፦ ዳትሰን 240ዜድ

ለምሳሌ የመረጥነው ዳትሰን 240ዜድ ነው። ኒሳን ይህን መኪና ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ የገባው የ1970 ሞዴል ተብሎ ነው። ሞተሩ ኤል24 ይባላል። ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ናቸው፤ ይዘቱ 2,393 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ቤንዚን የሚያቀርቡለት ሁለት የሂታቺ ካርቡሬተሮች ሲሆኑ፣ ብልጭታውን የሚያዘጋጁለት አንድ ኮይልና ባለ ኮንታክት ዲስትሪቢዩተር ናቸው። ኮምፒዩተር የለውም፤ የሙቀትም ሆነ የጭስ ሴንሰር ድብልቁን አያርምለትም። ሞተሩ ውስጥ የሚሆነውን ማንበብና ማስተካከል የሰው ሥራ ነው።

የዚህ መኪና ስም በምሥራቅ አፍሪካም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ደግሞ ሸካር ሜህታ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፉት በ240ዜድ ነበር። ያ ውድድር ከባሕር ጠረፍ ሙቀት እስከ ደጋው ቅዝቃዜ፣ ከአቧራ እስከ ጭቃ የሚያደርስ ነበር። አንድ ሞተር በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሚጸናው ድብልቁ፣ የብልጭታው ሰዓትና ካንዴላው እርስ በርስ ሲስማሙ ነው።

ዛሬ ለመደበኛው ኤል24 በሰፊው የሚመከረው ካንዴላ የጃፓኑ ኤንጂኬ ኩባንያ ቢፒ6ኢኤስ ነው። በዚህ አጭር ስም ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፊደልና ቁጥር ትርጉም አለው። ቢ ማለት የጥርሱ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር ነው። ፒ ማለት የነጩ ሸክላ አፍንጫ ከብረቱ ወጣ ብሎ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይዘልቃል። 6 የሙቀት ደረጃው ነው። ኢ ማለት የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር ነው። ኤስ ደግሞ መሐሉ መዳብ የሆነ መደበኛ ኤሌክትሮድ እንዳለው ይናገራል። ስሙን ማንበብ የቻለ ሰው ሻጭ ሌላ ካንዴላ ሲያቀርብለት ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

በመጀመሪያ ልኩ

ከሁሉ በፊት የሚጣራው ካንዴላው በቀዳዳው ልክ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ 14 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸው ካንዴላዎች ሁሉ በእጅ ሲዞሩ የሚገቡ መሆናቸው ነው። መግባታቸው ልካቸው ስለመሆናቸው ማረጋገጫ አይሆንም።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት ያየናትን ቮልስዋገን ቢትል እንውሰድ። የሷም ካንዴላ ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ርዝመቱ ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በኤንጂኬ አጻጻፍ ይህን ርዝመት የሚያመለክተው ኤች የሚለው ፊደል ነው። የ240ዜዱን ባለ 19 ሚሊ ሜትር ካንዴላ ቢትሏ ላይ ብናስር ከስድስት ሚሊ ሜትር በላይ የሚሆን ብረት ወደ ማቃጠያው ክፍል ውስጥ ይወጣል። ፒስተኑ ወይም ቫልቩ ሊመታው ይችላል። ባይመታው እንኳ የተጋለጠው ጥርስ እየጋለ ድብልቁን ያለ ጊዜው ያነድደዋል፤ ካርቦንም ስለሚይዝ በኋላ ሲፈታ የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

በተቃራኒው አጭሩን ካንዴላ 240ዜዱ ላይ ብናስር ብልጭታው ከማቃጠያው ክፍል ወደ ኋላ ሸሽቶ በቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። እሳቱ ተሸፍኖ ስለሚጀምር ድብልቁ በሚገባ አይነድም። ባዶ የቀረው የቴስታታ ጥርስም በካርቦን ይሞላና ትክክለኛው ካንዴላ ሲመጣ አላስገባ ይላል። በልክ ረገድ ማመቻመች አይቻልም፦ ስፋቱ፣ ርዝመቱ፣ የመቀመጫው ዓይነት በሮንዴላ መሆኑ ወይም ሾጣጣ መሆኑ፣ ሁሉም መመሪያው እንዳለው መሆን አለባቸው።

የሙቀት ደረጃ፦ ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ

ከልክ ቀጥሎ የሚመጣውና ብዙ ክርክር የሚነሳበት የሙቀት ደረጃ ነው። ሞቃት ካንዴላ ሲባል ብልጭታው ብርቱ ነው፣ ቀዝቃዛ ሲባል ደግሞ ሞተሩን ያቀዘቅዛል ብለው የሚያስቡ አሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። የሙቀት ደረጃ የሚናገረው ካንዴላው ራሱ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ቴስታታው በምን ፍጥነት እንደሚያስተላልፍ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከነጩ ሸክላ አፍንጫ ርዝመት ነው። አፍንጫው ረጅም ከሆነ ሙቀቱ ከጫፉ ተነስቶ ብረቱ ጋ እስኪደርስ ብዙ ይጓዛል፤ ስለዚህ ጫፉ ሞቆ ይቆያል። ይህ ሞቃት ካንዴላ ነው። አፍንጫው አጭር ሲሆን ሙቀቱ ቶሎ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ በጥርሱና በሮንዴላው በኩል ወደ ቴስታታው፣ ከዚያም ወደ ራዲያተሩ ውሃ ያልፋል። ይህ ቀዝቃዛ ካንዴላ ነው።

ጫፉ ሊውልበት የሚገባው የሙቀት ክልል ይታወቃል። የታችኛው ወሰን ወደ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የላይኛው ወደ 870 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ450 በታች ሲሆን በሸክላው ላይ የሚያርፈው ጥላሸት አይቃጠልም። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሲጠራቀም ኮይሉ የላከው ቮልት ክፍተቱን ከመዝለል ይልቅ በጥላሸቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ብረቱ ይፈስሳል፤ ሞተሩም ብልጭታ እያጣ ይንተፋተፋል። ከላይኛው ወሰን ሲያልፍ ጫፉ ይግልና ብልጭታው ሳይመጣ ድብልቁን ያቀጣጥለዋል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ እሳቱ ወደ ታች ይገፋዋል። በዚህ መንገድ የፒስተን አናት ለመቅለጥ ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።

ከሁለቱ ጥፋቶች አንዱ ካንዴላ፣ ሌላው ሞተር ያሳጣል። ጥላሸት የያዘ ካንዴላ ተጠርጎ ወይም ተለውጦ ነገሩ ያበቃል፤ የቀለጠ ፒስተን ግን ሞተር ያስወርዳል። በሁለት የሙቀት ደረጃዎች መካከል የቸገረው ሰው ወደ ቀዝቃዛው እንዲያዘነብል የሚመከረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። የኤንጂኬን ቢፒ6ኢኤስ የሚተካው የቦሽ ካንዴላ ደብሊው7ዲሲ፣ የቻምፒዮኑ ኤን9ዋይሲ፣ የዴንሶው ደብሊው20ኢፒ-ዩ ነው። 6፣ 7፣ 9 እና 20 እዚህ ላይ ተቀራራቢ ደረጃን ያመለክታሉ። ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ ሳያይ ቁጥር ብቻ እያነጻጸረ መግዛት የለበትም። «አንድ ደረጃ አቀዘቀዝኩ» ብሎ አንድ ደረጃ ሊያሞቅ ይችላል።

ወጣ ያለው አፍንጫ፣ ማለትም ፒ የሚለው ፊደል የሚያመለክተው ቅርጽ፣ ለእንዲህ ያለ ሞተር ትልቅ ጥቅም አለው። ጫፉ ወደ እሳቱ ቀረብ ስለሚል በዝግታ ሲነዳ ቶሎ ሞቆ ጥላሸቱን ያቃጥላል። በፍጥነት ሲነዳ ደግሞ የሚገባው አዲስ ድብልቅ በቀጥታ ስለሚነካው ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት አንድ ካንዴላ ለከተማም ለአውራ ጎዳናም ይበቃል።

ክፍተቱና የኮይሉ አቅም

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪኽ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው፣ ብልጭታ በጋዝ ውስጥ ለመዝለል የሚፈልገው ቮልት በክፍተቱ ስፋትና በጋዙ ግፊት ይወሰናል። አንዱ ሲጨምር የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል። በክፍት አየር አንድ ሚሊ ሜትር ለመዝለል ጥቂት ሺህ ቮልት ይበቃል፤ በታመቀው ሲሊንደር ውስጥ ግን ከአሥር ሺህ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህን ያወቀ ሰው በየጋራዡ የተለመደውን አንድ ምርመራ በጥንቃቄ ያያል። ካንዴላውን ፈትቶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ብሎኩ ላይ አስጠግቶ ሞተሩን ማዞርና ብልጭታውን ማየት ብልጭታ ጨርሶ የጠፋበትን ሞተር ለመለየት ይረዳል። ነገር ግን በክፍት አየር የበረቀ ካንዴላ በታመቀ ድብልቅ ውስጥም ይበርቃል ማለት አይደለም። ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ የሚንተፋተፍ፣ በሚኒሞ ግን ደህና የሚሠራ መኪና ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ቤንዚን ሲረገጥ ሲሊንደሩ ሞልቶ ይታመቃል፤ የሚያስፈልገው ቮልትም ከፍ ይላል፤ የደከመ ኮይል ወይም ከልክ በላይ የሰፋ ክፍተት ያኔ ይጋለጣል።

የ240ዜድ ባለ ኮንታክት ሥርዓት የሚያመነጨው ቮልት ውሱን ነው። ለዚህም ነው ለሱ የታዘዘው ክፍተት ከ0.8 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የመጣው 280ዜድ ግን ኮንታክት በሌለው የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ስለሚሠራ በኋለኞቹ ሞዴሎቹ ክፍተቱ ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ታዘዘ። ሰፊ ክፍተት ረዘም ያለ ብልጭታ ስለሚሰጥ ድብልቁን በተሻለ ሁኔታ ያቀጣጥላል፤ ይህን ለማድረግ ግን ከኋላው ብርቱ ኮይል ይፈልጋል። በስሙ መጨረሻ ላይ 11 የሚል ቁጥር ያለው የኤንጂኬ ካንዴላ ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነው። ይህን ገዝቶ ባለ ኮንታክቱ 240ዜድ ላይ ሳያጠብብ ያሰረ ሰው ሞተሩ ሲጨነቅ ብልጭታ ያጣል። ባለቤቱ መኪናውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ቀይሮት ከሆነ ደግሞ የሚከተለው የአዲሱን ሥርዓት መመሪያ ነው።

ስለ ኮይሉ አንድ ነገር እንጨምር። ሁለቱ ቀጫጭን የኮይል ሽቦዎች ተገላብጠው ቢታሰሩ ሞተሩ ይነሳል፤ ስለዚህ ስህተቱ ለዓመታት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። በትክክል ሲታሰር ኔጋቲቩ የሚሆነው የካንዴላው መሐለኛ ኤሌክትሮድ ነው። እሱ በጣም ስለሚሞቅ ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ይለቁታል። ሲገለበጥ ኤሌክትሮኖቹ ከቀዝቃዛው የጎን ኤሌክትሮድ እንዲነሱ ስለሚገደዱ ብልጭታው ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። አዲስ ካንዴላ ከመግዛት በፊት ይህን ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ኒኬል፣ ፕላቲኒየም ወይስ ኢሪዲየም?

በተለምዶ የመዳብ ካንዴላ የሚባለው ጫፉ መዳብ አይደለም። እሳቱን የሚቀበለው ጫፍ የኒኬል ቅይጥ ነው፤ መዳቡ በውስጡ ያለው እምብርት ሲሆን ሥራው ሙቀትን ቶሎ ወደ ኋላ መውሰድ ነው። ፕላቲኒየም የሚቀልጠው በ1,768 ዲግሪ፣ ኢሪዲየም በ2,446 ዲግሪ፣ ኒኬል ደግሞ በ1,455 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ኢሪዲየም ጠንካራና ቶሎ የማይበላ በመሆኑ ኤሌክትሮዱን በጣም አቅጥኖ መሥራት ይቻላል። መደበኛው የኒኬል ኤሌክትሮድ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲወፍር፣ የኢሪዲየሙ 0.6 ወይም 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከቀጭን ጫፍ ብልጭታ በአነስተኛ ቮልት ይነሳል፤ ሞተሩም በብርድ ጠዋት ይበልጥ ሊቀለው ይችላል።

ታዲያ አንጋፋው መኪና ኢሪዲየም ይገባዋል? መልሱ የሚወሰነው በአጠቃቀሙ ነው። የኢሪዲየም ዋና ጥቅም ዕድሜው ነው። የኒኬል ካንዴላ ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ሲያገለግል ኢሪዲየሙ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ነገር ግን በዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር ለምትነዳ የቅዳሜና እሑድ መኪና የኒኬሉም ካንዴላ አምስት ዓመት ይበቃል። ከዚያ በፊት ካንዴላውን የሚጥለው መበላት ሳይሆን ከካርቡሬተር የሚመጣ ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ደግሞ ኢሪዲየምንም አይምርም። በተጨማሪም ቀጭኑ ጫፍ በቀላሉ ስለሚሰበር ክፍተቱን ለማስተካከል ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ድብልቁ በሚገባ ያልተስተካከለ፣ ባለቤቱ ካንዴላውን እያወጣ የሚያነብበት ሞተር በኒኬሉ ቢሠራ ይሻላል። ጥላሸት ሲይዝ ያለ ጸጸት ይለወጣል። ድብልቁ ተስተካክሎ፣ የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ገብቶለት ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ግን ኢሪዲየም ቢደረግለት ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። የሙቀት ደረጃው በሁለቱም ዘንድ ያው ነው፤ የብረቱ መወደድ የተሳሳተ ደረጃን አያርምም።

በስሙ ውስጥ አር የሚል ፊደል የተጨመረበት ካንዴላም አለ፦ ቢፒአር6ኢኤስ። ይህ በውስጡ ወደ 5,000 ኦም የሚጠጋ ተከላካይ አለው። ተከላካዩ ብልጭታው ሲበርቅ የሚፈጠረውን የሬዲዮ ጫጫታ ይቀንሳል። ኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ለገባለት መኪና ይህ ጥበቃ አስፈላጊ ነው፤ ባለ ኮንታክቱም በሱ ያለ ችግር ይሠራል።

የወጣውን ካንዴላ ማንበብ

እስካሁን ያልነው ሁሉ መነሻ ነው። የምርጫውን ትክክለኛነት የሚናገረው ሠርቶ የወጣው ካንዴላ ነው። ሐኪም ምላስ እንደሚያይ ሁሉ መካኒክም የካንዴላውን ሸክላ አይቶ የውስጡን ጤና ይገምታል።

ለማንበብ ግን ካንዴላው በትክክለኛው ሰዓት መውጣት አለበት። ጠዋት በቾክ ተነስቶ ደጃፍ ላይ በሚኒሞ ከቆየ ሞተር የወጣ ካንዴላ ሁልጊዜ ይጠቁራል፤ ይህ ስለ ምርጫው ምንም አይነግረንም። መኪናው ሞቆ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በደህና ፍጥነት ተነድቶ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሳይቆይ ወዲያው ጠፍቶ፣ ቴስታታው ሲበርድ የወጣ ካንዴላ ነው እውነቱን የሚናገር። የወጡትም በቁጥራቸው ቅደም ተከተል መደርደር አለባቸው፤ ተቀላቅለው ከተቀመጡ ግማሹ መረጃ ጠፋ ማለት ነው።

ሸክላው ፈዛዛ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር፣ ደረቅና እንደ ዱቄት የሚራገፍ ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም ቾኩ አልተመለሰም፣ ወይም ብልጭታው ደክሟል፣ ወይም ካንዴላው ለአነዳዱ ከልክ በላይ ቀዝቃዛ ነው። ጥቁርና እርጥብ፣ በዘይት የጨቀየ ከሆነ ዘይት በፒስተን ቀለበቶች ወይም በቫልቭ ጋይዶች በኩል እየገባ ነው፤ ለዚህ ሞቃት ካንዴላ ማሰር በሽታውን መሸፈን ይሆናል። ሸክላው ነጭ ሆኖ ካበጠ ወይም ኤሌክትሮዱ ጠርዙ ከቀለጠ ሞተሩ በአደጋ ላይ ነው፦ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፣ ወይም ብልጭታው ያለ ጊዜው ይቀድማል፣ ወይም ካንዴላው ከልክ በላይ ሞቃት ነው። በሸክላው ላይ የተረጩ ደቃቅ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ከታዩ ሞተሩ እያንኳኳ ፒስተኑን እየበላው ነው። ያ መኪና ምክንያቱ እስኪገኝ መነዳት የለበትም።

የ240ዜድ ሞተር ለዚህ ንባብ በተለይ ይመቻል። የፊተኛው ካርቡሬተር ከ1 እስከ 3 ያሉትን ሲሊንደሮች፣ የኋለኛው ከ4 እስከ 6 ያሉትን ይመግባል። ሦስቱ የፊት ካንዴላዎች ጠቁረው የኋለኞቹ ነጣ ካሉ ጥፋቱ የካንዴላው ምርጫ አይደለም፤ ሁለቱ ካርቡሬተሮች አልተመጣጠኑም። አንዱ ብቻ ጠቁሮ አምስቱ ደህና ከሆኑ የዚያን ሲሊንደር ገመድ፣ ቫልቭና ኮምፕሬሽን መመርመር ነው። ስድስቱም እኩል ጠቁረው ከተገኙና ካርቡሬተሮቹ በትክክል መስተካከላቸው ከተረጋገጠ ብቻ የሙቀት ደረጃው ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

የቆዩ መጻሕፍትን ለሚያነቡ አንድ ማሳሰቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታተሙ መመሪያዎች የሚገልጹት ቀለም እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን የሚተወውን ነው። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን መሸጥ በመላው ዓለም ያበቃው አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ስታቆም ነው። እርሳስ የሌለው ቤንዚን የሚተወው ምልክት ፈዛዛ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ሸክላው ነጣ ማለቱ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው ማበጥ፣ መሰንጠቅና መቅለጥ ነው።

ደጋና ቆላ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር የሚያቀርበውን ቤንዚን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ በጠረፍ ተስተካክሎ የመጣ መኪና ደጋ ላይ ሲነዳ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነደው ድብልቅ አነስተኛ በመሆኑም የካንዴላው ጫፍ ከጠረፉ ያነሰ ይሞቃል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የሚስተካከለው ካርቡሬተሩ ነው። ድብልቁ ተስተካክሎም መኪናው በአጭር አጭር የከተማ ጉዞ ብቻ የሚውል ከሆነና ጥላሸቱ ካልጠፋ፣ በዚያው የኤንጂኬ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ደረጃ ሞቃት የሆነውን ቢፒ5ኢኤስን መሞከር ተገቢ ነው። ያ መኪና ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይወፍራል፣ ለደጋ የተቀነሰው ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። በሞቃት ካንዴላና ቤንዚን ባነሰው ድብልቅ በቆላ ረጅም መንገድ መሮጥ ሞተርን ለአደጋ ያጋልጣል። ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው በመደበኛው 6 ቁጥር መጽናት ይሻለዋል።

ሞተሩ ከፋብሪካ ከወጣበት ከተለየ፣ ማለትም ኮምፕሬሽኑ ከፍ ካለ፣ ሌላ ካም ከገባ ወይም ሁለቱ ካርቡሬተሮች በሦስት የዌበር ካርቡሬተሮች ከተተኩ፣ የሚፈጠረው ሙቀት ይጨምራል። ያኔ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛው ቢፒ7ኢኤስ ይሞከራል። ለውጡ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነድቶ፣ ወጥቶ፣ ተነቦ ቀጣዩ ይወሰናል። ሞተሩ ያልተነካ ሆኖ ሳለ መኪናው ስፖርት ስለሆነ ብቻ ቀዝቃዛ ካንዴላ ማሰር ጥላሸት ከማጠራቀም ሌላ ትርፍ የለውም።

ሲገዛና ሲታሰር

የታወቁ ካንዴላዎች አስመስለው የተሠሩ ቅጂዎች በዓለም ገበያ ይሸጣሉ፤ ኩባንያዎቹም ደንበኞቻቸውን በይፋ ያስጠነቅቃሉ። በእውነተኛው ኤንጂኬ ላይ ሮንዴላው በጥርሱ ላይ ተይዞ ስለሚሠራ በቀላሉ በእጅ አይወልቅም። ጽሑፉ ጥርት ያለ፣ የጎን ኤሌክትሮዱም በመሐለኛው ላይ በትክክል ያረፈ መሆን አለበት።

አሮጌው ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲበርድ ነው፤ የጋለ አሉሚኒየም ጥርሱን በቀላሉ ያጣል። ከመፈታቱ በፊት በዙሪያው ያለው አቧራና አሸዋ በአየር ይነፋ፣ አለዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወድቃል። አዲሱ ካንዴላ ከመታሰሩ በፊት ክፍተቱ ይለካ፤ ከፋብሪካ ተስተካክሎ ቢመጣም በመንገድ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ሲታሰር በእጅ ብቻ እየተዞረ እስከ መቀመጫው ይድረስ። በመካከል ከያዘ ይመለስና እንደገና ይጀመር እንጂ በቁልፍ አይገፋ። ከዚያ አዲስ ሮንዴላ ላለው ባለ 14 ሚሊ ሜትር ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃል። መለኪያ ቁልፍ ያለው ደግሞ የመኪናው መመሪያ ሌላ ቁጥር ካላዘዘ ለአሉሚኒየም ቴስታታ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይጠቀም። ጥርሱን በቅባት መቀባት እንደ ጥንቃቄ ይታይ እንጂ ኤንጂኬ ለተለበጡት ጥርሶቹ አይመክረውም፤ ቅባት ሲኖር ቁልፉ ያው ሆኖ ማጥበቁ ከልክ ያልፋል። የላላ ካንዴላም እንዲሁ አደገኛ ነው፦ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ስለማይችል ትክክለኛው 6 ቁጥር እንደ ሞቃት ካንዴላ ይግላል።

ለመደበኛ 240ዜድ ፍርዱ ግልጽ ነው፦ ቢፒ6ኢኤስ ወይም ባለ ተከላካዩ ቢፒአር6ኢኤስ፣ ለባለ ኮንታክቱ ሥርዓት ከ0.8 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ በእጅ ተጀምሮ በልኩ የጠበቀ። የእርስዎ መኪና ሌላ ከሆነም መንገዱ ያው ነው። ከአምራቹ መመሪያ ይነሱ፤ ካርቡሬተሩንና ብልጭታውን ያስተካክሉ፤ ይንዱት፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው በቅደም ተከተል ያንብቡ፤ ምክንያት ካገኙ ብቻ አንድ ደረጃ ይለውጡ። ያነበቡትንም ከኪሎ ሜትሩና ከቀኑ ጋር በማስታወሻ ይጻፉ። ቀጣዩን ካንዴላ ሲገዙ ከማንኛውም ሻጭ ምክር የበለጠ የሚጠቅምዎ ያ ማስታወሻ ነው።